ቁጥር የለም ለሚል ልጅ ሚስት ልንጠይቅ፦ ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም

ከመካነ ሰላም ከተመለስኩ ሳምንት አልፎኛል፤ የጫማዬ ጭቃ ግን አሁንም አልለቀቀም። ባለቤቴ በር ላይ ተቀብላ "እንዴት ነበር?" ስትለኝ "ግሩም ነበር" አልኳት። እኔ ስለ ሁሉም ነገር "ግሩም ነው" ነው የምለው። ሳሪስ ውስጥ ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሳጽናና ስለምውል አፌ ለምዶበታል። እሷም ስለምታውቀኝ "እሺ፣ አሁን ደግሞ የሆነውን ንገረኝ" አለች። ወደዚያ አገር መቼም እንደማትሄድ እርግጠኛ ነኝ፤ መኪና ያዞራታል። ለእሷና እሷን ለመሰሉ ሰዎች ስል የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

የሄድነው ለሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምራል። ልጅ ሆኖ "ለምን?" እያለ ያሰለቸን አልበቃው ብሎ አሁን በደመወዝ የሚያሰለች ሰው ነው። ትርሲት የምትባል ነርስ ወደደ። እሷም ወደደችው፤ እንዴት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አባቷ መምህር አያሌው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መካነ ሰላም ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ትርሲት የፋሲካ ዕለት እንኳን አደረሰዎ እንዲላቸው ብላ ስልኳን ሰጠችው። እሳቸውም በደግ አንደበት "ዘንድሮ ምን እያስተማርክ ነው ልጄ?" አሉት።

"ቁጥር የሚባል ነገር በእርግጥ አለ ወይ የሚለውን ነው።"

"እና፣ አለ ወይ?"

"እኔ እንኳ የለም ባይ ነኝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ብሩክ ኔትወርክ መስሎት መልሶ ደወለ። የኔትወርክ ችግር አልነበረም።

ከብዙ ምልጃ በኋላ መምህር አያሌው "ሽማግሌ አልመልስም፤ ይምጡ። ልጁ ግን አብሮ ይምጣ፤ የምጠይቀው አለኝ" ብለው ላኩ። እንደ ወጉ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እሳቸው ግን ወጉን አጠፉት። ትርሲት በበኩሏ ለብሩክ "አባቴን ዋሽተህ ካገባኸኝ እኔ የለሁበትም" አለችው። እንግዲህ ልጁ እንዲህ ተጣብቆ ነው ጉዞ የጀመርነው። አለ ቢል ልጅቷን ያጣል፤ የለም ቢል አባትየው አይሰጡትም።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ወደ ደሴ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ አለቀ። እኔ መንገድ ላይ እንቅልፍ እወዳለሁ፤ ብሩክ ግን ማስረዳት ይወዳል። ደብረ ብርሃንን ካለፍን በኋላ ተስፋ ቆርጬ ነቃሁ።

"አንድ ጊዜ አለ ብትላቸው ምን ይጎድልብሃል?" አልኩት።

"አላምንበትማ ጋሼ።"

"እኔስ የምናገረውን ሁሉ የማምንበት ይመስልሃል?"

ከዚያ አስረዳኝ። ጥያቄው እንዲህ ነው። ሳይንስ ያለ ሒሳብ አንድ እርምጃ አይሄድም። ድልድዩም፣ ስልኩም፣ መድኃኒቱም በቁጥር ነው የሚሠራው። ስለዚህ በሳይንስ ካመንን፣ ሳይንስ ያለሱ መኖር የማይችለው ቁጥርም የግድ አለ ማለት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ብሩክ ደግሞ አንድ ነገር መጥቀሙና መኖሩ ይለያያል ባይ ነው። "ትዝ ይልሃል፣ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ላይ ‘ፍሪክሽን የሌለው ቁልቁለት’ ይሉ ነበር፤ ምንም ሰበቃ የሌለው። እንዲህ ያለ ቁልቁለት አይተህ ታውቃለህ? የለም። ስሌቱ ግን ሠራ። የሌለ ነገርም ይጠቅማል።" ይህንን ሲለኝ ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ጀምረን ነበር። ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ፍሪክሽን ስለሰጠን ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ደሴ ያረፍንበት ፔንሲዮን መግቢያው ላይ "ሙቅ ውሃ አለ" የሚል ተጽፏል። እንግዳ ተቀባይዋንም ጠይቀን "አለ" ብላናለች። ቧንቧውን ስከፍት የወረደብኝን ቅዝቃዜ እኔና ግድግዳው ብቻ እናውቀዋለን። ጠዋት "እንዴት አደራችሁ? ውሃው እንዴት ነበር?" ስትለን "ግሩም ነበር" አልኩ። ብሩክ ከኋላዬ "ቀዝቃዛ ነበር፤ ጽሑፉ ቢነሳ ጥሩ ነው" አለ። እኔ በእፍረት ልሞት ደረስኩ። ልጅቷ ግን ሳቀችና ከወጥ ቤት በሁለት ጆግ የሚፋጅ ውሃ አምጥታ ሰጠችው። እኔ ግሩም ነው ስላልኩ ሳልታጠብ ወጣሁ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ወረኢሉ ሄድን። የብሩክ አባት፣ ነፍሱን ይማርና፣ የወረኢሉ ሰው ነበር፤ ሽምግልናውን የሚመሩልን የሱ የልብ ወዳጅ ሐጂ ይመር ናቸው። እዚህ አገር የክርስቲያን ልጅ ለማስዳር ሙስሊም ሽማግሌ መያዝ ያስከብራል፤ እምቢ ለማለትም ያስቸግራል አሉኝ። መንገዱ ጉጉፍቱ ላይ ይወጣል። ጉጉፍቱ ማለት የአዲስ አበባ ሰው ሐምሌ ሲገባ "በረደኝ" ማለቱ የሚያሳፍርበት ቦታ ነው። ነፋሱ በካፖርቴ ቁልፍ ቀዳዳ ይገባል። አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀምጣ ስንቀጠቀጥ አየችኝና ሳትጠይቀኝ የኩታዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ሳሪስ ታክሲ ውስጥ ይህን የምታደርግ ሴት ብትኖር ለባለቤቴ ብዙ የማስረዳው ነገር ይኖረኝ ነበር።

ሐጂ ይመር ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በር ላይ ቆመው "እንዴት ናችሁ? አፊያ ናችሁ? ቤተሰብ አማን ነው? ልጆች አማን ናቸው? አልሐምዱሊላህ" ሲሉ፣ እኔ መልሴን ሳልጨርስ እሳቸው ሁለተኛ ዙር ይጀምራሉ። ፍራሽ ተነጠፈልን፣ እርጎ መጣ፣ ማር መጣ፣ ትኩስ የገብስ ቂጣ መጣ። በላን በቃን ብንል ማን ሰምቶን። ሻይ ላይ ጉዳዩን ነገርኳቸው።

"ምን አላችሁ? ቁጥር የለም? አጃኢብ!" አሉና ብሩክን ትክ ብለው አዩት። "እኔ ስንት ቤት ሸምግያለሁ። ‘ሰካራም ነው’ ተብዬ ተመልሻለሁ። ‘ከዘመዳችን ተጣልቷል’ ተብዬ ተመልሻለሁ። ወላሂ በዚህ ግን የተመለሰ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም።"

"ሐጂ፣ ችግር ይፈጥራል ብለው ያስባሉ?" አለ ብሩክ። የሻይ ብርጭቆውን ሳይጠጣለት መልሶ አስቀመጠ። ይህ ልጅ እንደሚፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አሳዘነኝም።

"አብሽር ልጄ። አባትህም እንዲህ አፉ አይታጠፍለትም ነበር። እኔ ነኝ ሳስታርቀው የኖርኩት።" ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉልን፤ እኛም አሜን አልን። ከደሴው ፍራሽ የሐጂ ይመር መሬት ላይ የተነጠፈው ይሻላል። ይህንን ለደሴዋ ልጅ እንዳትነግሩብኝ።

በሦስተኛው ቀን ሐጂን ይዘን ስንመለስ ጉጉፍቱ እንደገና በረደኝ፤ ከዚያ ወደ አቀስታ ታጠፍን። አቀስታ ላይ አንድ ጉድ ደረሰብኝ። ሻንጣዬ ጥቁር ነው። ሰው ሁሉ የሚይዘው ጥቁር ሻንጣ ነው። አንድ ሌላ መንገደኛ ጥቁር ሻንጣ ይዞ ወረደ፤ መካነ ሰላም ደርሰን ሆቴል ክፍል ውስጥ "የኔን" ስከፍት የሕፃን ልብስና አንድ ጣሳ ዱቄት ወተት ወጣ። ለሽምግልና ያመጣሁት ሙሉ ልብሴ አቀስታ ቀረ። የሆቴሉ ባለቤት ሰውዬ ምንም ሳልለምነው ስልኩን አንስቶ መናኸሪያ ደወለ፤ መናኸሪያው አቀስታ ደወለ፤ አቀስታ ያለው ሰው ሕፃኑ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ ሻንጣዬን ይዞ መጣ፤ ያኛውም የራሱን ወሰደ። አዲስ አበባ ቢሆን ከልብሴ የምገናኘው መርካቶ ሄጄ እንደገና በመግዛት ነበር። ችግሩ ሻንጣው የመጣው ከሽምግልናው በኋላ ነው። በጉዞ ሹራቤ ላይ የሐጂን ትርፍ ጋቢ ደርቤ ሄድኩ። ጋቢው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል፤ ሐጂ ረጅም ናቸው ብያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቀን፣ ወደ አራተኛው፣ ልምጣ።

የመምህር አያሌው ቤት ከገበያው ወደ ላይ ነው። ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ዘይነባ ግቢ ጋር የሚያገናኝ የአጥር ቀዳዳ አለ። ወይዘሮ ዘይነባ ልጇ ጅዳ ናት፤ የቆርቆሮው ቀለም፣ የሴራሚኩ ወለል፣ ሁሉም የልጅቷ ላብ ነው። መምህር አያሌው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንጠልጥለው ተቀበሉን። ሐጂ እንደ ወጉ ቆመው ጀመሩ፤ ልጃችንን ልጃችሁ አድርጉልን ልንል መጥተናል፣ አታሳፍሩን አሉ። መምህር "ሐጂ፣ አንቱን አላሳፍርም፤ ተቀመጡ። መጀመሪያ ግን ልጁን ልጠይቅ" አሉና ወደ ብሩክ ዞሩ።

"እዚህ ወንዝ ላይ የተሠራ ድልድይ አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ያለ ቁጥር ይሠራል?"

"አይሠራም።"

ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ መድኃኒት ይሸጣሉ አሉ። ለሕፃን በኪሎው ልክ ስንት እንደሚሰጥ ያለ ቁጥር ያውቁታል?"

"በጭራሽ መምህር! በጭራሽ!" አልኩ፤ ጋቢዬን እየሰበሰብኩ።

"ያለ እሱ መሥራት የማትችለውን ነገር ‘የለም’ ማለት ምን ማለት ነው? በላዩ ተቀምጠህ ወንበር የለም እንደ ማለት አይደለም?"

ብሩክ ፍሪክሽን የሌለውን ቁልቁለት አነሳ። እኔ በሆዴ "አታንሳ!" እላለሁ። መምህር አያሌው ግን ፊታቸው በራ፤ ሰሌዳ ያገኙ መሰሉ።

"ጥሩ! እኔም አስተምሬዋለሁ። ግን ፍሪክሽኑን መልሰን ጨምረን ማስላት እንችላለን፤ እንችላለን ወይስ አንችልም?"

"እንችላለን።"

"ጨመርን። የሌለውን ቁልቁለት ጣልን። ቁጥሩን መጣል ቻልን? ጭራሽ በዛ እንጂ!"

ብሩክ ነጥቡ ገባው። "ልክ ነዎት፤ ልንጥለው አልቻልንም" አለ። "አለመቻላችን ግን ስለ እኛ ነው የሚናገረው። እርስዎ ያለ መነጽር ማንበብ አይችሉም። መጽሐፉ ውስጥ ግን መነጽር የለም።"

መምህር መነጽራቸውን አንስተው ወደ ላይ ከፍ አደረጉት። "መነጽሩ ግን አለ!"

ሐጂ ይመር እየሳቁ ጉልበታቸውን መቱ። ብሩክም ሳቀ። ለአፍታ ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለኝ። ከዚያ መምህር አያሌው መነጽሩን ዝቅ አደረጉና በሌላ ድምፅ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ዕድሜዬን ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው የጨረስኩት። ከሌለ፣ እኔ ምን ሳደርግ ነው የኖርኩት? ለክርክር ብዬ አይደለም የምጠይቅህ። አለ ወይስ የለም?"

 በመጋረጃው ሥር ቀድማን የመጣችው የትርሲት እግር ይታየኛል። እኔ ብሩክን በክርኔ ጎሸምኩት።

"እርስዎ ያስተማሩት ከንቱ ነው ብዬ አላውቅም፤ ትርሲት የመድኃኒት ልክ ተሳስታ አታውቅም፤ ያ የእርስዎ ሥራ ነው" አለ። "ግን አለ ብዬ አላምንም። አለ ብልዎት ውሸት ይሆንብኛል።"

መምህር መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። በመጨረሻ "ምሳ ይቅረብ፤ መልሴን ከምሳ በኋላ እሰጣለሁ" አሉ። እኔ አለቀልን ብዬ ጋቢዬን ተከናነብኩ።

አሁን የምነግራችሁ የድስት ነገር ነው። እዚያ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት በአንድ አጥር ቀዳዳ እየተላለፈ ልጁን አብሮ ያሳድጋል፤ ሥጋው ግን ይለያል። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ለሐጂ የሚሆነው በግ ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ታርዶ፣ በእሷ ድስት ተሠርቷል፤ የእኛው እዚህ። ሁለቱ በጎች ከአንድ ገበያ የተገዙ ናቸው። በርበሬውን ሁለቱ ሴቶች አብረው ያስፈጩት ነው። የከፋው ደግሞ የጅዳዋ ልጅ ምግብ ሳያቀዘቅዙ የሚይዙ ባለ አበባ ድስቶች ስትልክ፣ "ለእናቴና አብራ ላሳደገችኝ ለጎረቤት እናቴ" ብላ አንድ ዓይነት ነው የላከችው።

ብሩክ ልርዳ ብሎ ተነሳ። የሐጂን ድስት ከወይዘሮ ዘይነባ ቤት፣ የእኛን ከወጥ ቤት ተቀብሎ ይዞ መጣና በረንዳው ላይ አግዳሚው ወንበር ጋ ትርሲትን አገኛት። ድስቶቹን አስቀመጠ። ያወሩትን አላውቅም። በዚህ መሃል በረዶ ወረደ፤ የቆርቆሮው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፤ ብሩክ ሁለቱንም ድስት አፈፍ አድርጎ ሮጦ ገባ።

ወይዘሮ እታለም፣ የትርሲት እናት፣ መሶቡን ከፈተች። ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

"ቆይ! አትብሉ!" አለ ብሩክ። ፊቱ አመድ መስሏል። "በረንዳው ላይ አስቀምጬ ሳነሳቸው የትኛው የማን እንደሆነ ጠፍቶብኛል።"

እኔ ሆዴ ባዶ ነው። ዝቅ ብዬ በጆሮው "ግራው የሐጂ ነው በል" አልኩት። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አጎቴ ግራው ነው በል እያለኝ ነው፤ እኔ ግን አላውቅም" አለ። ያን ጊዜ ጋቢው ረጅም በመሆኑ ደስ አለኝ፤ ሙሉ በሙሉ ገባሁበት።

ወይዘሮ ዘይነባ ተጠርታ በቀዳዳው ሾልካ መጣች። አየች፣ አሸተተች። ወይዘሮ እታለምም አየች፣ አሸተተች። አንዱን ቢቀምሱት ያውቁት ነበር፤ ግን የሌላዋ ከሆነስ? ሁለቱም አይቀምሱም። ሙያተኞቹ ሁለት ሴቶች ማንኪያ ይዘው ተፋጠው ቆሙ።

"ለምን መሬት አወረድካቸው?" አሉ መምህር።

ብሩክ ወደ መጋረጃው አየ። ትርሲት ከመጋረጃው ጀርባ እንደ ቲማቲም ቀልታ ብቅ አለችና "እኔ ነኝ ያቆምኩት አባ" አለች። ወይዘሮ ዘይነባ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መሳቅ ጀመረች።

መምህር አያሌው መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ድስት ተራ በተራ ተመለከቱ። "ብሩክ፣ የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት በምን መሣሪያ ይለካል?"

"በምንም።"

"ታዲያ ልዩነቱ አለ ወይስ የለም?"

"አለ" አለ ብሩክ፣ ሳያመነታ። "ሰዎች ይዘውታል፤ ይኖሩበታል። ቁጥርንም እንዲህ ነው ካሉኝ ችግር የለብኝም። እርስዎ ግን ሰው ባይኖርም አለ ነው የሚሉኝ።"

"ሰው ባይኖርስ ሁለት ድስት ሁለት አይደለም?"

"ሰው ከሌለ ድስቱን ማን ሠራው?"

"ሁለት ድንጋይ ይሁንልሃ!"

"ኧረ ጌቶቼ፣ ረሃብ ግን አለ" አሉ ሐጂ ይመር። "ሽሮም ቢሆን አምጡልን።"

ሽሮ በጥድፊያ ተሠርቶ መጣ፤ ሁላችንም ከአንድ መሶብ በላን። የበጉን ወጥ የሰፈሩ ውሾች ሳይከራከሩ ጨረሱት። ወይዘሮ እታለም "ሽሮው እንዴት ነው?" አለች። "ግሩም ነው" አልኩ። "ጨው የለውም" አለ ብሩክ። ጨው መጣ።

ከምሳ በኋላ መምህር አያሌው ጓዳ ገቡ፤ ቆዩ። ሲመለሱ ቆመው "ሐጂ፣ ልጃችን ሆኗል። ሠርጉን እንነጋገራለን" አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ከሁሉ ቀድማ እልል አለች። ብሩክ ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ያዙትና አቀፉት። ልጁ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ፤ በጋቢው ጠረግሁት። ይህ ሁሉ የሐጂ ሽምግልናና ያ ዱዓ ነው ብዬ አመንኩ። ለራሴም ትንሽ ድርሻ ሰጠሁ።

በመጨረሻው ቀን መምህር አያሌው መናኸሪያ ድረስ ሸኙን። ብሩክና ሐጂ ወደ ፊት ቀድመዋል። እሳቸው ክንዴን ይዘው፣ አንቱታውን ትተው፣ ረጋ ብለው እየተራመዱ "እስቲ አንተ ንገረኝ፤ የተማርክ ሰው ነህ። ቁጥር አለ ወይስ የለም?" አሉኝ።

"አለ እንጂ መምህር! ጥያቄም አይደል!"

"የትናንቱ ሽሮስ?"

"ግሩም ነበር።"

ቆም አሉ። "እታለም ጨው ረስታበት ነበር። እኔ ራሴ አልተናገርኩም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጨው የለውም ያለኝ፣ ቁጥር የለም ያለኝ፣ ድስቱ ተቀላቅሎብኛል ያለኝ አንድ ልጅ ነው። የሚያስፈራው ነገር እያለ እውነቱን ይናገራል። ቁጥር ላይ ተሳስቷል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣል፣ እየተከራከርን አርመዋለሁ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚከራከረኝ ሰው አጥቼ ነበር። ልጄን የሰጠሁት ለእሱ ነው። ለአንተ ቢሆን ኖሮ አልሰጥህም ነበር።"

አውቶቡሱ ክላክስ አደረገ። ሰውየው እየሳቁ ያዩኛል፤ መልስ ይጠብቃሉ።

"ግሩም ነው" አልኳቸው።